ደስታን በልኩ ስለ መናገር

የሰው ልጅ ኀዘን ሲደርስበት ቃል ያጣል፤ ደስታም ሲበዛበት እንዲሁ ቃል ያጣል። ነገር ግን በኀዘን ጊዜ ዝም ያለውን ሰው ማንም አይወቅሰውም፤ በደስታ ጊዜ ዝም ያለውን ግን ዘመድ ሁሉ «ምነው፣ አልተደሰተምን?» እያለ ይጠራጠረዋል። ስለዚህ ደስታ መነገር አለበት። መነገርም ካለበት በልኩ መነገር አለበት። ከልኩ ያነሰ እንደ ሆነ ሰሚውን ያስቀይማል፤ ከልኩ የበለጠ እንደ ሆነም ተናጋሪውን ያሳማል።

ይህ ነገር በገዛ ቋንቋችን ስንነጋገር ብዙ አያስቸግረንም። እልልታው፣ የፊቱ መፍካት፣ እቅፍ አድርጎ መሳሙ ቃላችንን ይረዳዋል። በሰው ቋንቋ፣ ይልቁንም በእንግሊዝኛ፣ ደስታችንን በጽሑፍ ስንገልጥ ግን እልልታውም ፊቱም አብሮ አይሄድም፤ የሚሄደው ቃሉ ብቻ ነው። ዛሬ በውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያለው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ከባዕድ አገር ሰው የተዛመደ፣ አማርኛ የማይሰማ የልጅ ልጅ ያለውም ብዙ ነው። እነዚህን ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የምንላቸው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን በስልካቸው ጽፈው የሚልኩት ቃል የአባትንና የእናትን ልብ ተሸክሞ ባሕር ይሻገራል። ስለዚህ ስለ አንድ የደስታ ቃል አጠቃቀም መነጋገር ለቤተ ሰብ የሚገባ ጉዳይ ነው ብዬ አሰብሁ።

ነገሩን ያነሣሣኝ በአርባ ምንጭ በሰፈራችን የሆነ ጉዳይ ነው። በመስከረም ወር መጀመሪያ፣ የጋሞ ሕዝብ ለዮ ማስቃላ በዓል በሚሰናዳበት ሰሞን፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቤቴ መጡ። ልጁ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስለምሠራ፣ የሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ሲቸግረው ወደ እኔ መምጣት ልማዱ ነው። እማማ ተቀምጠው ጥቂት ካረፉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ያ ባሕር ማዶ ያለው ወንድምህ ሚስቱ ወለደችለት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ! እርሷ የእኛን ቋንቋ አታውቅም። ይህ ልጅ በእንግሊዝኛ ጽፎልኝ ነበር፤ ነገር ግን ምን እንዳለ ሲነግረኝ ደስታዬን አላገኘሁበትም።»

ደብዳቤውን ተቀብዬ ተመለከትሁት። ልጁ ትጉህ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱም ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ማይ ግራንድማዘር ኢዝ ቬሪ ኤክሳይቲንግ» ይላል። ሁለተኛው «ሺ ኢዝ ቬሪ ኤክስታቲክ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሰላምታ ቃልና የላኪዋ ስም ብቻ ነበረ።

እማማ ፊቴን እያዩ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«እጅግ ደስ ብሎኛል ሊል ፈልጎ ነው» አልኋቸው።

«ፈልጎ ነው ወይስ ብሏል?» አሉኝ።

ጥያቄው እንደ ዳኛ ጥያቄ ያለ ስለ ነበረ መልሱን በችኰላ ለመስጠት አልደፈርሁም። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ደብዳቤውን ቃል በቃል መረመርነው። የመረመርነውንም ለሌሎች ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተት «ኤክሳይቲንግ» በሚለው ቃል ላይ ነው። «ኤክሳይቲንግ» ማለት የሌላውን ሰው ልብ የሚያነሣሣ፣ ሌላውን ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። ደስ የተሰኘው፣ ልቡ የተነሣሣው ሰው ግን «ኤክሳይትድ» ይባላል። ወሬው፣ ጕዞው፣ ጨዋታው «ኤክሳይቲንግ» ነው፤ ሰሚው፣ ተጓዡ፣ ተመልካቹ «ኤክሳይትድ» ነው። በአማርኛ ብናስተያየው «ደስ የሚያሰኝ» እና «ደስ የተሰኘ» እንደ ማለት ነው። «አያቴ ደስ የሚያሰኙ ሰው ናቸው» ብንል ለእማማ ምስጋና ይሆናል እንጂ የእማማን ደስታ አይናገርም።

ይህ ሥርዓት በሌሎችም ቃላት ይሠራል። «ኢንተረስቲንግ» ነገሩ ነው፤ «ኢንተረስትድ» ሰውየው ነው። «ሰርፕራይዚንግ» ወሬው ነው፤ «ሰርፕራይዝድ» ሰሚው ነው። «አይ አም ቦሪንግ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ «ሰለቸኝ» ማለቱ ነው፤ አንባቢው ግን ልጁ «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን የሰደበ አድርጎ ይረዳዋል። ሰለቸኝ ለማለት «አይ አም ቦርድ» ይባላል።

ልጆቻችን በዚህ የሚሳሳቱት ከስንፍና የተነሣ አይደለም። የገዛ ቋንቋችን ሥራ ነው። እኛ «ደስ አለኝ» ስንል የግሡ ባለቤት እኛ አይደለንም። ደስ ያለው ነገሩ ነው፤ እኛ ደስታው የመጣልን ሰዎች ነን። እንግሊዛዊው ግን ሰውየውን ባለቤት ያደርገውና ደስታውን እንደ ልብስ በቅጽል ያለብሰዋል። ስለዚህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ልጅ በመጀመሪያ «ደስ ያለው ማን ነው? ደስ ያሰኘውስ ምንድን ነው?» ብሎ ሁለቱን መለየት አለበት።

ልጁ ይህን ወዲያው ተረዳ። በሁለተኛው ቃል ላይ ግን ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ በስልኬ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ለታላቅ ደስታ ከሚባሉት ቃላት ሁሉ ከላይ ያለው ኤክስታቲክ ነው። ከላይ ያለውን መረጥሁላቸው» አለኝ።

እኔም ቃላት እንደ መሰላል አንዱ በአንዱ ላይ ብቻ የተደረደሩ እንዳልሆኑ ነገርሁት። እያንዳንዱ ቃል የተወለደበት ቤትና የራሱ ጠባይ አለው።

«ግላድ» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብሩህ፣ የሚያበራ ማለት ነበር። እኛ «ፊቱ በራ» እንደምንለው ነው። «ሃፒ» የመጣው ዕድልና አጋጣሚ ማለት ከነበረው «ሃፕ» ከሚል ቃል ነው፤ ዕድል የቀናው ሰው ማለት ነበር። «ኢሌትድ» ከላቲን ቋንቋ ሲመጣ ወደ ላይ ከፍ የተደረገ ማለት ነው። «ዲላይትድ»ም ሥሩ ከላቲን ነው፤ ዛሬ ለጨዋነት ንግግር ይስማማልና ለግብዣ መልስ፣ ለትውውቅና ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመረጣል። «ኦቨርጆይድ» የሚለው ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ «ጆይ» ደስታ፣ «ኦቨር» ከመጠን በላይ ማለት ነው። ደስታው ከሰውየው ልብ አልፎ የፈሰሰ እንደ ሆነ ያመለክታል።

«ኤክስታቲክ» ግን ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ነው። ሥሩ «ኤክስታሲስ» ሲሆን ከቆሙበት ስፍራ ወጥቶ መቆም፣ ከራስ መውጣት ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ በዐሥረኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ በሰገነት ላይ ሲጸልይ የደረሰበትን ነገር የጽርዑ መጽሐፍ በዚህ ቃል ይጠራዋል። የእኛ መጽሐፍ «ተመስጦ» ይለዋል። እንግዲህ «ኤክስታቲክ» ተብሎ የሚነገርለት ሰው በደስታ ራሱን የሳተ፣ ያለበትን ስፍራ የረሳ ነው። ቡድኑ በመጨረሻው ደቂቃ ሲያሸንፍ ከመቀመጫው የሚዘልል፣ የማያውቀውን ሰው የሚያቅፍ ጐልማሳ «ኤክስታቲክ» ነው ቢባል ይስማማዋል። ከዚህም ጋር ወላጆች ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ። ከዚሁ ሥር የወጣው «ኤክስታሲ» የሚለው ስም ዛሬ የአንድ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ መጠሪያም ሆኗልና፣ ልጆች ቅጽሉን ትተው ስሙን ሲጽፉ መጠንቀቅ ይገባቸዋል።

የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህ የቃላት ልዩነት እንግዳ አይሆንበትም። በግዕዝ «ተፈሥሐ» አለ፤ «ተሐሥየ» አለ፤ «አንፈርዐጸ»ም አለ። እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ በሄደች ጊዜ በእናቱ ማኅፀን ያለው ሕፃን ያደረገው በሦስተኛው ቃል ተነግሯል፤ ይኸውም በደስታ መዝለል ነው። በልጅነቴ ያስተማሩኝ መምህር አንዱን በሌላው ስፍራ የተረጐምሁ እንደ ሆነ «ልጁ ዘለለ እንጂ ፈገግ አላለም» ብለው ይመልሱኝ ነበር። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስማር ያንኑ ተግሣጽ በሌላ ቋንቋ አገኘሁት።

በአርባ ምንጭ ለሚኖር ሰው ምሳሌው ከዓይኑ ፊት ነው። ከከተማው ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት ሁለት ሐይቆች ያያል። የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ነው፤ የጫሞ ውሃ ግን ጠራ ያለ ነው። በመካከላቸው የእግዚአብሔር ድልድይ የተባለው ጠባብ ምድር አለ። ሁለቱም ሐይቅ ተብለው ይጠራሉ፤ ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ አንዱን በአንዱ ስም አይጠራም። መዝገበ ቃላትም «ግላድ»ን፣ «ኦቨርጆይድ»ንና «ኤክስታቲክ»ን ሁሉ «ደስ ያለው» ብሎ ቢፈታ ልዩነታቸውን ማየት የአንባቢው ሥራ ነው።

ቃሉ ብቻውን ደስታን እንደማያመጣ ከመዝገበ ቃላት ሠሪዎች ሁሉ የታወቀው አንድ ሰው ስለ አገራችን በጻፈው ታሪክ አሳይቷል። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1755 ዓመት ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብሯ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳምንት ማታ ማታ አንድ ትንሽ መጽሐፍ እንደ ጻፈ ይነገራል። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ራሴላስ የተባለ የኢትዮጵያ ልዑል ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ ነገር ግን በወጣትነቱ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጕዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ነበር። ልዑሉ የሚኖረው በተራራ በታጠረ ሸለቆ ነው፤ የሸለቆውም ስም «ሃፒ» ከሚለው ቅጽል ጋር የተያያዘ ነው። ምግቡና ዜማው ሞልቶ ሳለ ልዑሉ ግን ደስታ አጣ፤ እርሷንም ለመፈለግ ከሸለቆው ወጥቶ ሄደ። ይህን መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። በአንድ ስፍራ ላይ «ደስተኛ» የሚል ስም ቢለጠፍበት ነዋሪው ደስተኛ እንደማይሆን የጻፈው ሰው ራሱ የቃላት ሊቅ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ወደ ደብዳቤያችን እንመለስ። ሦስተኛው ስሕተት «ቬሪ» የሚለው ነው። «ግላድ»፣ «ሃፒ» እና «ኤክሳይትድ» የሚባሉት ቃላት ጥቂትም ብዙም ሊሆኑ ይችላሉና «ቬሪ» ቢጨመርባቸው ያምራል። «ኦቨርጆይድ» እና «ኤክስታቲክ» ግን በራሳቸው የመጨረሻውን ልክ የያዙ ናቸው። ቁና ሞልቶ ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ እህል ቢጨምሩበት ይፈስሳል እንጂ አይሰፈርም። እንደዚሁም «ቬሪ ኦቨርጆይድ» ወይም «ቬሪ ኤክስታቲክ» የሚል ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን ጆሮ ይቈረቍረዋል። ማጠንከር ያስፈለገ እንደ ሆነ ፈጽሞ፣ በሙሉ ማለት የሆነው «አብሶሉትሊ» ይገባል። «ዲላይትድ»ም ቢሆን ያለ «ቬሪ» ሲጻፍ የበለጠ ያምራል።

አራተኛው ነገር የቃሉ ጎረቤቶች ናቸው። «ኦቨርጆይድ» ብዙ ጊዜ ከ«ኢዝ» ወይም ከ«ወዝ» በኋላ ይመጣል፤ የሚነገረውም ስለ ሰው ነው። «ኦቨርጆይድ ኒውስ» አይባልም፤ ወሬ ራሱ አይደሰትምና። ደስ የሚያሰኝ ወሬ «ጆይፉል ኒውስ» ይባላል። ሰውየው የሰማውን ለመናገር «ኦቨርጆይድ ቱ ሂር»፣ ስለ ወሬው ለመናገር «ኦቨርጆይድ አት ዘ ኒውስ» ይባላል፤ «ኦቨርጆይድ ኦፍ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ለመሥሪያ ቤት ወይም ለትምህርት ቤት በሚጻፍ ማመልከቻ ደግሞ «ፕሊዝድ» ወይም «ዲላይትድ» ይበቃል። ሥራ የሚለምን ሰው «ኤክስታቲክ ነኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ በአማርኛ ማመልከቻ «በደስታ ሰክሬ አመለክታለሁ» ብሎ እንደ መጻፍ ይቈጠርበታል።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላም ለእማማ የሚገባው ቃል የትኛው እንደ ሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ይህን ደግሞ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። በፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ «እንዴት ያለ ነገር ነበር?» ተብሎ ሳይሆን «የት ነበርህ? ምን አየህ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ አውቃለሁና እኔም እንዲሁ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ወሬውን ሲሰሙ የት ነበሩ? ምን ያደርጉ ነበር?»

እማማም እንዲህ አሉ፦ «ከደጃፌ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። ይህ ልጅ እየሮጠ መጥቶ "ወለደች" አለኝ። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። እልል ልል አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። ከዚያ አለቀስሁ። እስኪመሽ ድረስ እንዝርቱን አላነሣሁትም።»

በጋሞ ምድር ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። እንዝርት ከእናቶች እጅ በቀላሉ የሚወድቅ ዕቃ አይደለም። ልጁ ይህን ነገር ከዚያ ቀደም አልሰማም ነበርና አያቱን በመደነቅ ተመለከታቸው።

እማማ ግን ንግግራቸውን አልፈጸሙም ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ለዚያች ሴት ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቃል ልኬላት አላውቅም። ልጄ ከባዕድ ሲጋባ ተቀይሜ ነበር። ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩም "እኔስ ምን ብዬ ነበር" ብያለሁ። የተናገርሁትን ሰምታ እንደ ሆነ አላውቅም። አሁን ማስቃላ ሊገባ ነው። ቂም ይዤ እንዴት እገባለሁ?»

ይህን አገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ዮ ማስቃላ ለጋሞ ሕዝብ የአዲስ ዓመት መግቢያ የሆነ ታላቅ በዓል ነው። በሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ከተማ የሄዱት የዶርዜና የጨንቻ ሰዎች ሳይቀሩ በዚህ ጊዜ ወደ ትውልድ ቀዬአቸው ይመለሳሉ። የተጣሉ ሰዎች በዓሉ ሳይገባ በሽማግሌ ይታረቃሉ፤ ቂም ይዞ ወደ በዓሉ መግባት ነውር ነው። የእማማ ምራት ግን በባሕር ማዶ ነች፤ ሽማግሌ የሚሄድበት መንገድ የለም። ሽማግሌ ሆኖ የሚሄደው ያ ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የቃል ማሳመር ጉዳይ አለመሆኑን ተረዳሁ። ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለች አማት በድንገት «በደስታ ራሴን ሳትሁ» ብላ ብትጽፍ ምራቲቱ ምን ትላለች? «ይህ የልጅ ልጇ መዝገበ ቃላት ነው» ትላለች፤ ወይም «የደስታዋ ምክንያት ሕፃኗ እንጂ እኔ አይደለሁም» ብላ ታዝናለች። «ሃፒ ነኝ» ብቻ ብትልም ለወግ ያህል የተላከ ቃል ይመስላታል። «ኦቨርጆይድ» ግን ዕንባን የሚቀበል ቃል ነው። ልቡ ሞልቶ ንግግር ያጣ ሰው ቢያለቅስም «ኦቨርጆይድ» ይባላል። እማማም የሆኑት ይህንኑ ነው።

ልጁም «ጋሼ፣ መምህራችን ግን ትልቅ ቃል ስንጽፍ ነጥብ ይጨምርልናል» አለኝ።

«መምህርህ የሚፈትነው አንተ ቃሉን ማወቅህን ነው፤ የአጎትህ ሚስት ግን የምትፈትነው አያትህን ነው» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው እንደ ገና ተጻፈ። እማማ በጋሞኛ ተናገሩ፤ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ እኔ አረምሁ። የደስታ ቅጽል በሙሉ ደብዳቤው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ገባ፤ እርሱም ያለ «ቬሪ» ነው። የቀረው የሆነው ነገር ነበረ። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ ሆይ፣ መውለድሽን ስሰማ ከደጃፌ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ፤ እልል ማለት አቃተኝ፤ አለቀስሁም። ደስታው ከልቤ በላይ ሆነብኝ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት በእኔ ጥፋት ነው፤ በአንቺ አይደለም። በአገራችን በዓል ሊገባ ነው፤ በዚህ በዓል ማንም ቂም ይዞ አይገባም። ይቅር በይኝ። ሕፃኗን ስመሽ፣ አያትሽ በሕይወት አለች በያት።»

ልጁ ሲያነብላቸው እማማ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «አዎን፣ አሁን ብሏል» አሉ። ደብዳቤውም በዚያው ማታ ተላከ።

ለልጆቻቸው ደብዳቤ የሚያስጽፉ አባቶችና እናቶች ሁሉ ከዚህ ጥቂት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። ልጁ ቃል ከመፈለጉ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ደስ ያለው ማን ነው? ደስታውስ ምን ያህል ነው? የሚነገረውስ ለማን ነው? ለመጀመሪያው መልስ ሲያገኝ «ኤክሳይቲንግ»ን ከ«ኤክሳይትድ» ይለያል። ለሁለተኛው መልስ ሲያገኝ «ቬሪ» የሚገባበትንና የማይገባበትን ያውቃል። ለሦስተኛው መልስ ሲያገኝ ደግሞ «ዲላይትድ» ለመሥሪያ ቤት፣ «ኦቨርጆይድ» ለቤተ ዘመድ፣ «ኤክስታቲክ»ም ለሚዘልለው ሰው መሆኑን ይረዳል። ነገር ግን ትክክለኛው ቅጽል ከተገኘ በኋላ ደብዳቤው አለቀ አትበሉ። ቅጽሉ የደስታውን መጠን ይናገራል እንጂ ደስታውን አያሳይም። የሚያሳየው በዚያች ሰዓት የሆነው ነገር ነው፤ እርሱንም መዝገበ ቃላት አይሰጥምና ልጁ አያቱን መጠየቅ አለበት።

ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፣ ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። መልስ ደርሶ ነበር። ምራቲቱ ስለ መረጥነው ቅጽል አንድ ቃል አላነሣችም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ እንዳነበበች ጽፋለች፤ ይቅርታውንም ተቀብላለች። ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀችው ግን ይህ ነበር፦ «ከእጅዎ የወደቀው ዕቃ ምን የሚመስል ነው? ተሰበረን?»

እማማ ይህ ሲነበብላቸው ሣቁ። «አልተሰበረም በላት» አሉ። ልጁም እንዝርቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከላት። በዚያች ቀን የተቋረጠውን ክር እማማ ቀጥለው ፈትለው ጨርሰዋል፤ አሁን በሸማኔ እጅ ነው። ለሕፃኗ መታቀፊያ ይሆናል።